አዲስ አበባ ያደገ ሰው ማውና ኬአን ይፈራል?

ጥያቄ፦ በገና እረፍት ወደ ሃዋይ ልንሄድ ነው። ባለቤቴ ማውና ኬአ የሚባለው ተራራ ጫፍ ወጥተን ቴሌስኮፖቹን ካላየን ብሏል። እናቴ አብራን አለች፤ ደም ግፊት አለባት። ልጃችን ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ ፈራሁ። እሱ ግን «የአዲስ አበባን ልጅ ከፍታ ምን ያደርገዋል?» ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?
ሂሩት፣ ከሲያትል

መልስ፦ ሂሩት እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ግድም ናት። የማውና ኬአ ጫፍ 4,205 ሜትር ነው። ደግሞ ዓመታት ሲያትል ከኖራችሁ ሰውነታችሁ የለመደው የባሕር ጠረፍ አየር ነው። ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከሂሎ ተነስቶ በመኪና ጫፉ ላይ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሰውነት መላመጃ ጊዜ አያገኝም። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ከታች ካለው በ40 በመቶ ያህል ያንሳል። ሌሊቱን ጫፍ ላይ የሚሠሩት ባለሙያዎች እንኳ የሚያርፉት 2,800 ሜትር ላይ፣ ሃሌ ፖሃኩ ወርደው ነው።

የጎብኚዎች ማዕከሉም እዚያው ነው። እናትሽም ሐኪማቸውን ያማክሩና እስከዚያ ብቻ ይውጡ፤ ልጅቷም ከዚያ አትለፍ። የሚቀርባቸው ነገር ያለ እንዳይመስልሽ። ጎብኚ ፀሐይ ከጠለቀች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጫፉ መውረድ አለበት፤ የመኪና መብራት የቴሌስኮፖቹን ሥራ ያውካል። ጫፉ ላይ ያሉትን፣ ኬክ (Keck) የሚባሉትን ባለ 10 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፖችም ቢሆን በዓይኑ የሚያይባቸው የለም፤ ብርሃኑ የሚገባው ካሜራ ውስጥ ነው።

ኮከብ የሚታየው ማዕከሉ ጋ ነው። እኔ የሄድኩ ጊዜ ደመናው ከእግራችን በታች ተኝቶ ነበር። አንዱ የስልኩን መብራት ሲያበራ ሁላችንም ጮህንበት፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋላ! ቀይ መብራት ያዙ። ከዚያ ፍኖተ ሐሊብን ለልጅሽ አሳያት። አንድሪያ ጌዝ የምትባል ሴት በኬክ ቴሌስኮፖች የፍኖተ ሐሊብን መሃል ዓመታት ተከታትላ፣ እዚያ ስላለው ብርሃን እንኳ ስለማያመልጠው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ባገኘችው ነገር በ2020 የፊዚክስ ኖቤልን ከተጋሩት አንዷ መሆኗን ንገሪያት። እባክሽን ይህን አትርሺ።

አንድ ነገር ልጨምር። ተራራው ለሃዋይ ተወላጆች ቅዱስ ነው። በ2019 አዛውንቶቻቸው አዲስ ቴሌስኮፕ እንዳይሠራ መንገድ ላይ ተቀምጠው ታስረዋል። ደብር እንደገባችሁ ቆጥራችሁ ተጠንቀቁ፤ ድንጋይ እንኳ አታንሱ።

ባልሽ ብቻውን ልውጣ ካለ፣ ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ይያዝ። ኪራይ ከሆነ ውሉን ያንብብ፤ ብዙዎቹ ያንን መንገድ ይከለክላሉ። በረዶ ጥሎ መንገዱ ሊዘጋ ስለሚችልም ጠዋት ይጠይቅ። ማዕከሉ ጋ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ሲወርድ ፍሬኑ እንዳይግል በከባድ ማርሽ ይውረድ። ራሱን ካመመው ወይም ካቅለሸለሸው ፀሐይዋን ሳይጠብቅ ይመለስ።