አማካያችን መቼ ነው የሚመለሰው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። ባለፈው እሁድ የሰፈራችን ቡድን ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር ሲጫወት ዋናው አማካያችን ኳስ ይዞ ሊታጠፍ ሲል ማንም ሳይነካው ወደቀ። ጉልበቱ «ቀጭ» ሲል ተሰምቶታል። ውሃ ተረጭቶለት ተነሣና ትንሽ ተጫወተ፤ ከዚያ ጉልበቱ ከዳውና ወጣ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አበጠ። ራጅ ተነሥቶ አጥንቱ ደህና ነው ተብሏል። ፒያሳ ቡና የምንጠጣበት ቤት ከዚህ ሌላ ወሬ የለም። አንዱ «ወለምታ ነው፣ ወጌሻ ያሸው» ይላል። አንዱ «ሚኒስከስ ነው፣ በወሩ ይመለሳል» ይላል። «ኳስ አበቃለት» የሚልም አለ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ልጁን ሳላየው «ይሄ ነው» ብል እኔም ከቡና ቤቱ ተከራካሪዎች አንዱ ሆንኩ ማለት ነው። የጻፉልኝ ነገር ግን ብዙ ይናገራል። ሲታጠፍ ወደቀ፣ የነካው የለም፣ «ቀጭ» አለ፣ ወዲያው አበጠ፣ ከዳው። እነዚህ ሲገጣጠሙ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠሱን ነው። የስፖርት ጋዜጠኞች ኤሲኤል የሚሉት እሱን ነው። ጉልበት መሐል ሆኖ ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዘው ይህ ጅማት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰውም በግጭት ሳይሆን እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነት ሲዞር ነው።

እብጠቱ የመጣበት ሰዓት ትልቅ ፍንጭ ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያበጠ ጉልበት ብዙ ጊዜ ደም ቋጥሯል። ሚኒስከስ፣ ማለትም በጉልበት አጥንቶች መሐል እንደ ትራስ የተቀመጠው ልስልስ ነገር፣ ብቻውን ሲጎዳ እብጠቱ ቀስ ብሎ፣ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጉልበቱ ይቆለፍና አልዘረጋ ይላል። ይሁንና ሁለቱ አብረው ሊጎዱ ይችላሉ። የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪ መስከረም 2017 የደረሰበት እንዲህ ነበር። ስለዚህ ሚኒስከስ ያሉትም ጨርሰው አልሳቱ ይሆናል። «በወሩ» ያሉት ላይ ግን አልስማማም።

«ከባድ ቢሆን እንዴት ተነሥቶ ተጫወተ?» የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ይቻላል። ቀጥ ብሎ መራመድና መሮጥ ይህን ጅማት ብዙም አይፈትነውም፤ የሚፈትነው መታጠፍና ድንገት መቆም ነው። በሁለት ሦስት ሳምንት ሕመሙ ይቀላል፣ እብጠቱም ይጎድላል። ያን ጊዜ ደጋፊው «ድኗል፣ ይግባ» ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። የተበጠሰ ጅማት ይዞ የሚገባ ልጅ ጉልበቱ ደግሞ ይከዳዋል፤ በከዳው ቁጥር ሚኒስከሱና የአጥንቱ ልባስ ይጎዳሉ። የኋላ ኋላ ኳስ የሚያስተወው ይህ ተደራራቢ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት አያሳይም። «ራጁ ደህና ነው» ማለት «ጉልበቱ ደህና ነው» ማለት አይደለም። የአጥንት ስፔሻሊስት ይየው። ሐኪሙ ጉልበቱን በትንሹ አጠፍ አድርጎ ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስበዋል፤ ከጤነኛው እግር ጋር ያስተያየዋል። ልምድ ላለው እጅ ይህ ብቻ ብዙ ይነግረዋል። ጅማቱን በምስል የሚያሳየው የኤምአርአይ ምርመራ ደግሞ ያረጋግጣል።

ወጌሻውን በተመለከተ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አሁን አያሸው። ጅማቱ ያለው መገጣጠሚያው ውስጥ ነው፤ እጅ አይደርስበትም። ማሸትና መጎተት የደማውን እንደገና ያደማዋል። ለጊዜው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ጠበቅ ያለ ፋሻ፣ እግር ከፍ ማድረግ፣ ክራንች። ደሴ ደግሞ ቁልቁለት አታጣም። ጭኑ እስኪጠነክር ባጃጅ ይያዝለት። እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ከደነዘዘ ወይም ጣቶቹ አልንቀሳቀስ ካሉ ግን ቀጠሮ አይጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

መበጠሱ ከተረጋገጠስ? የማይሮጥ ሰው ያለ ቀዶ ጥገና በእንቅስቃሴ ሕክምና (ፊዚዮቴራፒ) ብቻ ደህና ሊኖር ይችላል። ኳስ ተጫዋች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራለታል፤ ከራሱ ጅማት ተወስዶ አዲስ ይተከልለታል። ቢሆንም ያበጠና ያልተዘረጋ ጉልበት ላይ በጥድፊያ አይገባም።

አሁን ወደ ክርክራችሁ። የተተከለው ጅማት መጀመሪያ ላይ እየደከመ ነው የሚሄደው፤ ሰውነት አፍርሶ ነው የሚሠራው። ልጁ በሦስተኛው ወር «ደህና ነኝ» ሲል ጅማቱ ገና ደካማ ነው። ለዚህ ነው ቢያንስ 9 ወር የምንለው። ወሩ ብቻውንም አይበቃም፤ የተጎዳው እግር ጥንካሬ የጤነኛውን 90 በመቶ ያህል መድረስ አለበት፣ በአንድ እግር ዝላይም ይፈተናል። የባርሴሎናው ጋቪ ኅዳር 2016 ተጎድቶ የተመለሰው ጥቅምት 2017 ነው። ዙሪያውን በሐኪምና በባለሙያ ታጅቦ እንኳ 11 ወር! ሮድሪ በስምንት ወር ግድም ተመልሷል፤ እሱም ተቀይሮ በመግባት ነበር የጀመረው። ስለዚህ «አበቃለት» ያሉትም ቸኩለዋል።

ደጋፊ ማገዝ ከፈለገ ለፊዚዮቴራፒው ያዋጣ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለው ወራት ነው ገንዘብም ትዕግሥትም የሚጨርሰው። አሠልጣኙ ደግሞ ለቀሩት ልጆች ፊፋ 11+ የሚባለውን 20 ደቂቃ የሚፈጅ ማሟሟቂያ በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ያሠራቸው፤ የጉልበት ጉዳትን እንደሚቀንስ በጥናት የታየ ነው። የምርመራው ውጤት ሲመጣም ልጁ ከፈቀደ ብቻ ይጻፉልኝ። ለቡና ቤቱም ቢሆን ያው ነው፤ እሱ ካልፈቀደ አይወራ።