ዋቅላሚን ማብላትና ማስራብ፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ለምግብና ለመኖ ስለሚያድገው ዋቅላሚ፣ ስለ ስፒሩሊና ስጠየቅ ሰነበትኩ። ጥያቄው ቢበዛም ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ምን ያህል ማዳበሪያ ይግባበት? እኔ ባሕር ዳር ጓሮዬ ውስጥ፣ ለሁለት በተሰነጠቀ ሰማያዊ በርሜል ለዶሮዎቼ አሳድጋለሁ። ከዚያ በፊት ዓመታት ላቦራቶሪ ውስጥ ከዋቅላሚ ጋር ውያለሁ። ዋቅላሚ ማለት አልጌ ነው፤ የዛሬው ነገራችን ያለ ማይክሮስኮፕ ስለማይለየው ስለ ደቂቁ ነው። በደረሱኝ ቅደም ተከተል ልመልስ።

ከዳንግላ፦ ጋሼ፣ ለጤፍ ዩሪያ ስንጨምር ያድጋል። ለዋቅላሚም በብዛት ባደርግበት ምርቱ እጥፍ ይሆናል?

አይሆንም፣ ወንድሜ። የጤፉን ነገር አንተው ታውቀዋለህ፤ ዩሪያ ሲበዛበት ይጋሸባል። ስፒሩሊና ግን ጭራሽ ይሞታል። ስፒሩሊና ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነትና የሶዳነት መለኪያ ማለት ነው) ከ9 እስከ 10 የሆነ ውሃ ይወዳል። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሲፈርስ አሞኒያ ይሆናል። ፒኤቹ ወደ 10 ሲጠጋ ደግሞ አብዛኛው አሞኒያ መርዛማ በሆነው መልኩ ይቀመጣል። በራሴ ደርሷል። አንድ ማታ እፍኝ ሙሉ ዩሪያ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት ሽታው ዓይኔን አቃጠለው። ውሃው አረፋ ይዞ፣ አረንጓዴው ገርጥቶ ታች ተኝቷል። የሁለት ወር ልፋት ነበር፤ በጣም አዘንኩ።

መጠኑን ከምርቱ ተነስተህ አስላው። ከደረቀ ስፒሩሊና 60 በመቶ ገደማው ፕሮቲን ነው። በናይትሮጅን ስናስበው ከክብደቱ 10 በመቶ ግድም ይሆናል። አንድ ኪሎ ደረቅ ምርት ስታነሳ 100 ግራም ያህል ናይትሮጅን ከውሃው ወሰድክ ማለት ነው። ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 46 በመቶ ነው፤ ስለዚህ የምትመልሰው ወደ 220 ግራም ዩሪያ ነው። እሱንም በአንዴ አይደለም፣ ባነሳህ ቁጥር ቆንጥረህ ቆንጥረህ ነው።

ከመራዊ፦ ሁሉንም በልኩ አድርጌ እድገቱ ቆመብኝ። ምን ጎደለው?

በጣም ያነሰው ነገር ነው ልክህን የሚወስነው። ጌሾ የጎደለው ጠላ ብቅል ቢጨመርበት አይስተካከልም። ብዙ ሰው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ላይ ያተኩርና ካርቦኑን ይረሳል። ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ የሚሆነው ካርቦን ነው። ለስፒሩሊና ካርቦኑ የሚመጣው በዋናነት ከቤኪንግ ሶዳ ነው። ዛሩክ የሚባል ተመራማሪ በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጣው የታወቀው ቀመር ለአንድ ሊትር ውሃ 16.8 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ሲጨምር የናይትሮጅን ምንጭ የሆነው ሶዲየም ናይትሬት 2.5 ግራም ብቻ ነው። ልዩነቱን ተመልከተው።

ብረትም አለ። ጨምረኸው ሊሆን ይችላል፤ ግን በከፍተኛ ፒኤች ብረት ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል፣ ዋቅላሚው አያገኘውም። ለዚህ ነው ኢዲቲኤ የሚባለውን ብረት ያዥ አብረው የሚጨምሩት። ፎስፈረስ ሲጎድል ግን ቶሎ አይታወቅም። ሕዋሱ በደህናው ጊዜ ከሚፈልገው በላይ ወስዶ ጎተራው ያስገባል፤ ውሃው ባዶ ከሆነ በኋላም ከጎተራው እየቆነጠረ ይከፋፈላል።

ከባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14፦ ጥቁር አረንጓዴ የነበረው ወደ ቢጫ ሄደ። ታመመ?

አልታመመም፣ ተርቧል። እንዲህ አድርጊ፣ እህቴ። ከበርሜሉ አንድ ብርጭቆ ቅጂና ነጭ ጨርቅ ፊት ለፊት ያዢው። ጤነኛው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥልቅ አረንጓዴ ነው። ሰማያዊው ፋይኮሳያኒን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ስፒሩሊና ብርሃን የሚይዝበትም፣ ናይትሮጅን የሚያስቀምጥበትም እሱ ነው። ናይትሮጅን ሲያልቅ መጀመሪያ የሚበላው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሰማያዊው ይጠፋና ቢጫ አረንጓዴ ይቀራል። ገበያ ላይ ዋጋ ያለው ቀለም እሱ በመሆኑ፣ ስፒሩሊናን ማስራብ ኪሳራ ነው። ትንሽ ናይትሮጅን ስጪው። ብዙ ካልቆየበት በቀናት ውስጥ ቀለሙ ሲመለስ ታያለሽ። ይህን ማየት ሁሌም ደስ ይለኛል።

ካልተመለሰ ብረቱን ፈትሺ። የቀትር ፀሐይም ያገረጣል፤ ሳሳ ያለ ጥላ አድርጊለት።

ከደብረ ማርቆስ፣ ተማሪ ነኝ፦ አንተ አብላ ትላለህ፤ መምህራችን ግን ቅባት ለማግኘት ናይትሮጅን ከልክሉ ይላሉ። ማናችሁ ናችሁ ልክ?

መምህርህ ልክ ናቸው፣ እኔም አልተሳሳትኩም። የሚለያየው የምትፈልገው ነገር ነው።

በሬ የሚደልበው ሲበላ ነው። ክሎሬላን የመሰለ አረንጓዴ ዋቅላሚ ግን የሚደልበው ናይትሮጅን ሲነፈግ ነው። ብርሃኑ አለ፣ ካርቦኑ አለ፤ ስለዚህ ስኳር መሥራቱን አያቆምም። ፕሮቲን ለመሥራትና ለመከፋፈል ግን ናይትሮጅን የለውም። የሠራውን ወደ ስታርችና ወደ ቅባት ቀይሮ ያከማቻል። በአንዳንድ ዝርያዎች የቅባቱ ድርሻ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ልብ በል። በመቶኛ አትታለል። ለምሳሌ በደንብ የበላው በርሜል 100 ግራም ደረቅ ምርት ሰጠህ፣ ቅባቱ 20 በመቶ ነው እንበል፤ 20 ግራም አገኘህ። ከመጀመሪያው ያስራብከው ቅባቱ 40 በመቶ ሆኖ ምርቱ 30 ግራም ቢሆን፣ 12 ግራም ብቻ ነው የያዝከው። ለዚህ ነው ሥራው በሁለት ደረጃ የሚሆነው። መጀመሪያ አብልተህ ታበዛለህ፤ ውሃው ጥቅጥቅ ሲል ናይትሮጅን ወደሌለው ውሃ ታዛውረዋለህ።

ቀለምም በዚሁ መንገድ ነው። ዱናሊየላ የሚባለው የጨው ውሃ ዋቅላሚ ናይትሮጅን ሲያጣና ፀሐዩና ጨው ሲበረታበት ብርቱካንማ ይሆናል፤ ቤታ ካሮቲን የሚባለው ብርቱካንማ ቀለሙ ከደረቅ ክብደቱ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። ሄማቶኮከስ የሚባለው ዋቅላሚ ደግሞ ደም መስሎ ይቀላል። ያ አስታዛንቲን የሚባል ቀይ ቀለም ነው፤ እስከ 4 በመቶ ይሄዳል። ፕሮቲንና ሰማያዊ ቀለም ከፈለግህ አብላ፤ ቅባትና ቀይ ቀለም ከፈለግህ አብዛና አስርብ።

ደብረ ማርቆስ በርሜል ውጭ ልታስቀምጥ ካሰብክ ግን ሌሊቱ ያሸንፍሃል። ስፒሩሊና 35 ዲግሪ አካባቢ ይወዳል፤ ከ20 በታች በጣም ይዘገያል። በላስቲክ ሸፍነው።

ከፍኖተ ሰላም፣ እናት ነኝ፦ ልጄ ምግብ አልበላ አለኝ። በጓሮ ማዳበሪያ ያደገውን ልስጠው?

እትዬ፣ እባክዎ አይስጡት። የእርሻ ማዳበሪያ ለሰው ምግብ ተብሎ የተጣራ አይደለም፤ ፎስፌቱ ካድሚየም የሚባል ከባድ ብረት ሊይዝ ይችላል፣ ዋቅላሚ ደግሞ ከውሃ ያገኘውን ሰብስቦ ይይዛል። ለሰው የሚሆነው በንጹሕ ጨዎች፣ በንጹሕ ውሃ ያደገና የተመረመረ ነው። ለልጅዎ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ከዘጌ፦ ጣና ዳር አረንጓዴ ሲንሳፈፍ እናያለን። እሱን አድርቀን ብንሸጥስ?

በፍጹም። ጣና ውሃው ሶዳ የበዛበት፣ የሶዳ ሐይቅ የሚባለው ዓይነት አይደለም፤ ስፒሩሊና በተፈጥሮው በብዛት የሚገኘው እንደ ጪቱ ባሉ የሶዳ ሐይቆች ነው። በጨው አልባ ሐይቅ ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም የሚንሳፈፈው ማይክሮሲስቲስ የሚባል ሌላ ደቂቅ ዋቅላሚ ሊሆን ይችላል። የእሱ መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ቢፈላም አይጠፋም። ከብትም እዚያው ጋ አታጠጡ።

ከየት መጣ ለሚለው፣ ከማሳችን የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማውም ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያመጣል። እምቦጭንም የሚያፋፋው እሱው ነው። ክረምት ላይ ደለሉ ብርሃን ስለሚጋርድ ዋቅላሚው እንደልቡ አይሆንም፤ ውሃው ሲጠራ ግን ምግቡ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። እዚህ ሐይቅ ዳር ያደግሁ ሰው ነኝና ይህ ያሳስበኛል። በማሳ ጥግ የሚተው የሣር ድንበር አፈሩን እዚያው ያስቀራል።

በመጨረሻ ከዳንግላው ወንድሜ፦ መቼ እንደማነሳ በምን ልወቅ?

ነጭ የፕላስቲክ ክዳን ዘንግ ጫፍ ላይ አስረህ ቀስ እያልክ ንከረው። ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ላይ ከጠፋብህ ደርሷል። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በጥብቅ ጨርቅ አጥልለው። ሁሉንም ግን አትውሰድ፤ ዘር የሚሆን ብዙውን እዚያው ተው። የተጠለለውንም ውሃ አትድፋው፤ ምግቡ ገና አላለቀም፣ ወደ በርሜሉ መልሰው።