ሶሲዮሎጂ ለኔ ሕይወት ምን ይፈይዳል? ጠይቁኝ ብዬ የመጣብኝ ጉድ

እሺ ጀመርን። ሶሲዮሎጂ (ሰው ከሰው ጋር ሲኖር የሚሆነውን የሚያጠናው ትምህርት) ተምሬ ጥቂት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አሁን ጥናት ምናምን እየሠራሁ ነው የምኖረው። የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር፣ ከጠበኩት በላይ መጣ። ሁሉንም አልደርስበትም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትጣሉኝ።

ጥያቄ፦ ሳይኮሎጂ እያለ ይሄ ለምን አስፈለገ? ራሴን ለማወቅ ስለራሴ ባጠና አይሻልም?

መልስ፦ ሚልስ የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ነበር፣ በሞተር ሳይክል እየመጣ የሚያስተምር፣ ክርክር የሚወድ ሰውዬ። በ1959 የጻፈው ምሳሌ አለ። 100,000 ሰው ባለበት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ካጣ ሰውየውን ነው የምታየው፣ ጠባዩን ሙያውን። 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ካጣ ግን ስለ አንድ ሰው ስንፍና ማውራት ቀልድ ነው፣ ያኔ የምታየው አገሩን ነው፣ ሶሲዮሎጂ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። እኔ ራሴ ተመርቄ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ፣ እናቴ ጠዋት ቡና ስታፈላ ፊቷን ላለማየት የተኛሁ የምመስልበት ጊዜ ነበር፣ ችግሩ እኔ ነኝ ብዬ ደምድሜ ነበር በቃ። አንድ ቀን አብረውኝ የተመረቁትን በጣቴ ስቆጥር ከግማሽ በላይ እንደኔ ቤት ነው ያለው። ቆጠራው ሥራ አላስገኘልኝም፣ እንቅልፍ ግን ሰጥቶኛል።

ጥያቄ፦ እኔን የገደለኝ ይሉኝታ ነው። ለሠርጌ የተበደርኩትን እስካሁን እየከፈልኩ ነው። የባህላችን ችግር ነው የኔ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ ልበል አይዞህ? ቃሉን ራሱን ፈታ አርገህ እየው፣ "ይሉኛል" ነው። ማን ነው የሚለው? አይታወቅም። ኩሊ የሚባል ምሁር በ1902 ሰው ለሰው መስታወት ነው የሚል ነገር ጽፏል። መጀመሪያ ለሌላው ምን እንደምመስል አስባለሁ፣ ቀጥሎ እሱ ምን ብሎ እንደሚፈርድብኝ አስባለሁ፣ ከዛ ወይ ኩራት ወይ እፍረት ይሰማኛል። ልብ በል፣ ይሄ ሁሉ ያለቀው አንተው ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ሰውየው ገና አፉን አልከፈተም! ምናልባትም እንግዳህ ጥሬ ሥጋውን እየቆረጠ "የኔ ልጅ ሠርግ ከዚህ ካነሰ ምን ይሉኛል" እያለ ነበር።

ግን ይሉኝታን እርግፍ አርገን እንጣለው የሚሉት ጋር አልስማማም። ለቅሶ ቤት የሚያስቀምጠን እሱ ነው፣ የታመመ ጎረቤት በር ዝም ብለን እንዳናልፍ የሚያደርገንም እሱ። ከተማ ሲገባ ዋጋው ተወደደ እንጂ። ገጠር ሠርግ ሲደገስ ጠላውን የሚጠምቀው፣ እንጀራውን የሚጋግረው፣ ዳሱን የሚጥለው ጎረቤት ነው፣ ነገ አንተ ደግሞ ለሱ ትሠራለህ። ከተማ ላይ አዳራሽ፣ ዲኮር፣ ቪዲዮ፣ መኪና፣ ሁሉም በካሽ ሆነ፣ "ይሉኛል"ው ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ያንተም የባህሉም ብቻ አይደለም፣ የድሮ ይሉኝታ በአዲስ ሒሳብ ሲከፈል የሚመጣ ነው። የከፈልከው አልፏል፣ ለክርስትናው ግን አስብበት።

ጥያቄ፦ ከቀበሌ ቤት ወጥተን ኮንዶሚኒየም ከገባን አራት ዓመታችን ነው። ፊት ለፊት ያለውን ሰው ስሙን አላውቀውም። ሰው ምን ነካው?

መልስ፦ ሰው ምንም አልነካውም፣ ቧንቧውን ነው የነካው ነገር ያለ። ድሮ ግቢው አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንዳንዴም አንድ ቆጣሪ ነው፣ ብትወድም ባትወድም በቀን አምስቴ ትገናኛለህ ትጣላለህ ትታረቃለህ፣ ያንን ነው ዛሬ ፍቅር ነበር እያልን የምናወራው (ፍቅርም ነበር፣ በመብራት ሒሳብ ስንጨቃጨቅ ያደርንበትን ረሳነው እንጂ)። ኮንዶሚኒየም ውኃውን ቤትህ አስገባልህ፣ ከውኃው ጋር የመገናኛ ሰበቡ ጠፋ። ደግሞ ያመጣህ ዕጣ ነው፣ ዕጣ የሚያውቁህን ሰዎች ከጎንህ አያስቀምጥም፣ ተከራዩም ገና ስትለምደው ይለቃል። ዚመል የሚባል የበርሊን ሰው በ1903 የትልቅ ከተማ ሰው ቀዝቃዛ የሚመስለው ስለከፋ አይደለም ብሎ ነበር፣ በየመንገዱ ለሚያገኘው ሁሉ ልቡን ቢከፍት ስለማይችለው ነው፣ ቅዝቃዜው ጋሻው ነው።

እድርስ እንዳትለኝ፣ እሱንም ልንገርህ። ብዙ ሰው እድር ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የነበረ ይመስለዋል። አሁን በምናውቀው መልኩ ግን የከተማ ልጅ ነው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ለቆ አዲስ አበባ የገባ ሰው "ብሞት ማን ይቀብረኛል" ብሎ ከማያውቀው ሰው ጋር ያቋቋመው ነው። ያንተ ብሎክ እድር ካለው ግባ። ከሌለው ደግሞ ለፋሲካ ኮሚናሉ ጋ በግ ሲታረድ ውረድና ቢላ ተዋስ፣ ስሙን ያኔ ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ ዓረብ አገር ሰው ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ፈገግ ስል እውላለሁ፣ ማታ ክፍሌ ስገባ ማን እንደሆንኩ ይጠፋኛል። በሽታ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እንቅልፍና ምግብ ካጣሽ ለሐኪም ተናገሪ። የነገርሽኝ ነገር ግን ስም አለው። ሆችሽልድ የምትባል አሜሪካዊት በ1983 የአውሮፕላን አስተናጋጆችን አጥንታ ፈገግታቸው ራሱ ሥራ ነው፣ የሚሸጥ ጉልበት ነው አለች። ሻንጣ የተሸከመ ጀርባው እንደሚያመው ሁሉ የማይሰማውን ስሜት ሲያሳይ የዋለ ሰው ውስጡ ይዝላል። አንቺ መጥረጊያ ብቻ አይደለም የምትይዢው፣ የሕፃኑን ለቅሶ፣ የማዳምሽን ኩርፊያ ትሸከሚያለሽ፣ እሱን ደሞዝ ላይ ማንም አይጽፈውም።

ሌላ ጎፍማን የሚባል ደግሞ አለ፣ ሰው ሁሉ መድረክና የመድረክ ጀርባ አለው ይላል። እኔ ሳስተምር ሳሎንና ጓዳ ነበር የምለው፣ ሳሎን ለእንግዳ የምንዘጋጅበት፣ ጓዳ ነጠላችንን ጥለን የምንሆነውን የምንሆንበት። ያንቺ ሥራም መኝታም አንድ ቤት ስለሆነ ጓዳ የለሽም፣ ሃያ አራት ሰዓት ሳሎን ነሽ። ዕረፍት ወጥተሽ ካገርሽ ልጆች ጋር በአማርኛ የምትስቂበት ሰዓት ካለሽ እንደ ቅንጦት አትቁጠሪው፣ ጓዳሽ እሱ ነው። መውጣት ካልተፈቀደልሽም ማታ ስልክ ላይ ሳትዋሺ የምታወሪው አንድ ሰው ይኑርሽ፣ "ደህና ነኝ" የማትይው ሰው።

ጥያቄ፦ ሥራ በዘመድ ሆኗል። ዘመድ የሌለው ምን ይብላ?

መልስ፦ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት በ1973 ያወጣው ጥናት አለ፣ ቦስተን አጠገብ ኒውተን የምትባል ከተማ በሰው በኩል ሥራ ያገኙትን "ከዛ ሰው ጋር ምን ያህል ትገናኙ ነበር" ብሎ ጠየቃቸው። ቶሎ ቶሎ ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ፣ አልፎ አልፎ 55.6፣ ከስንት አንዴ 27.8። የቅርብ ጓደኛህ የሚሰማውን ወሬ አንተም ትሰማዋለህ፣ አዲስ ወሬ ያለው ሩቅ ያለው ሰው ጋር ነው። ግን እኛ ጋ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። እሱ ያጠናው ክፍት ቦታ መኖሩን ማን ነገረህ የሚለውን ነው፣ እኛ "ሰው አለህ?" ስንባል ማን ያስገባሃል ማለት ነው፣ ለዛ የሩቅ ሰው አንገቱን አይሰጥም። ቢሆንም ስድስት ዓመት ያልደወልክለት ክላስሜትህ ጋ ደውል፣ ምን ትከስራለህ።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ነው፣ እኛን ምን አገባን?

መልስ፦ በ1377 ኢብን ኻልዱን፣ የቱኒዝ ሰው፣ መንግሥታት የሚነሱት ሰዎች በሚተሳሰሩበት መንፈስ ነው፣ የሚወድቁት ደግሞ ልጅ የልጅ ልጅ በምቾት ሲላላ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ፈረንሳዊው ኮንት ሶሲዮሎጂ የሚለውን ስም ያስለመደው ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄን ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ደርሷት እያለቀሰች ነው። ሥራ ያስገኛል ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ አልዋሽዎትም፣ በስሙ የሚወጣ ማስታወቂያ ጥቂት ነው። የወጡት ኤንጂኦ፣ የሰው ኃይል፣ ፍርድ ቤት፣ ጥናት ላይ ነው የሚሠሩት። ስታቲስቲክስ የምትባለዋን ኮርስ እንዳትጠላት ይንገሩልኝ፣ ዳታ የሚችል ሶሲዮሎጂስት ብዙ ቤት አይቀመጥም።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ የማንበብ ትዕግሥት የለኝም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከታክሲ ሰልፍ። ነገ ሠራተኛ ሲወጣ ሜክሲኮ ወይ መገናኛ ሂድና አትሳፈር፣ ዳር ቆመህ ተመልከት። ፖሊስ የለ፣ የተጻፈ ሕግ የለ፣ ግን አንዱ ጥሶ ሊገባ ሲል ማን ነው መጀመሪያ የሚጮኸው? ከፊቱ ያለው ነው ከኋላው ያለው? ነፍሰ ጡር ስትመጣ ማን ነው "አስቀድሟት" የሚለው፣ ሌላውስ ለምን እሺ ይላል? ዝናብ ሲጀምርስ ሰልፉ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ያየኸውን ይዘህ ና፣ ከዛ እናወራለን።