ትሬድሚል ብቻ ለምትሠሪው እህቴ

ሰላም እህቴ። «ጂም ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው፤ አሠልጣኙ ትሬድሚል ብቻ ነው የሚያሠራኝ። የአካል ብቃት አምስት ዘርፎች አሉት ሲባል ሰማሁ፤ ለሴት ሩጫው አይበቃም ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን ትናንት ማታ አነበብኩት። አይበቃም። እኔ ይበቃል ብዬ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ተኝቻለሁ፤ አንቺ እዚያ እንዳትደርሺ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

አምስቱን ሰምተሻቸዋል፤ የልብና የሳንባ ብርታት፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ የጡንቻ ብርታት፣ መተጣጠፍ፣ ከዚያ የሰውነት የስብና የጡንቻ ምጣኔ። ትሬድሚሉ በደንብ የሚሠራልሽ የመጀመሪያውን ነው።

1. አሠልጣኝሽ «ሴት ብረት ካነሳች ወንድ ትመስላለች» ካለሽ አትስሚው። የኔውም እንደዚሁ ብሎኛል። በገባሁ ቀን ወደ ዳምቤሎቹ ስጠጋ ክንዴን ይዞ መለሰኝና «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? የመጣሽው ለቦርጭ አይደል?» አለኝ ጮክ ብሎ። ወንዶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ጥግ ድርሽ አላልኩም። ወንዶችን ያን ያህል የሚያፈረጥማቸው በዋናነት ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ነው፤ እኛ ውስጥ ያለው ደግሞ ከነሱ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ስላነሳሽ ትከሻሽ እንደ ወንድ አይሰፋም። ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

2. ሚዛኑን ብቻ አትመኚ። ግንቦት ላይ 78 ኪሎ ነበርኩ፤ ኅዳር ላይ 66 ገባሁ። ቢሮ ውስጥ ያላደነቀኝ የለም። ግን እንዴት እንደቀነስኩ ልንገርሽ፤ ምሳ እዘላለሁ፣ ፍልሰታን ሽሮውንም ምስሩንም ሸሽቼ በሰላጣና በሻይ ነው የጾምኩት። ምግብ ቆርጠሽ፣ በዚያ ላይ እየሮጥሽ፣ ጡንቻሽን የሚያሠራ ነገር ካልነካሽ የሚሄደው ስቡ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል። ሚዛኑ ሁለቱን አይለይልሽም። የልብስ ሰፊ ሜትር ግዢና ወገብሽን ለኪ፤ ለሴት ከ88 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ነው ለልብ በሽታና ለስኳር አደጋው በጣም የሚጨምረው።

በዚያው ኅዳር ታላቁ ሩጫን ሮጥኩ። 10 ኪሎ ሜትሩን አንድም ቦታ ሳልራመድ ነው የጨረስኩት፤ በ43 ዓመቴ፣ እዚህ አዲስ አበባ ዳገት ላይ። ዛሬም እኮራበታለሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ነው የወደቅሁት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ፓምፑ ስለተበላሸ ውኃ የምንቀዳው ከታች ነው። ወትሮ የሚያወጣልኝ ልጅ ነበር፤ ያን ቀን ቀረ። «10 ኪሎ ሜትር የሮጥኩ ሴት ጄሪካን ያቅተኛል?» ብዬ ባለ 20 ሊትሩን አነሳሁት። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ እጄ ዛለ፤ አስቀመጥኩትና በሌላኛው እጅ ላነሳ ወደ ግራ ዞሬ፣ ጉልበቴን ሳላጥፍ ከወገቤ ጎንበስ አልኩ። ወገቤ ቀጭ አለ። ጄሪካኑ ተገለበጠ፣ ክዳኑ ተፈናጠረ፣ ውኃው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። እርጥቡ ደረጃ ላይ ተቀምጬ መነሳት አቃተኝ። እስካሁን የማልረሳው ግን ትንፋሼን ነው። አላለከለክሁም። ልቤ በሰላም ይመታል። ስድስት ወር የለፋሁበት ሁሉ እዚያው እንዳለ አለ፤ ሰውነቴ ግን 20 ኪሎ መሸከም አልቻለም።

3. ይህን በኋላ ያስረዳችኝ ወገቤን በእንቅስቃሴ ያከመችው ፊዚዮቴራፒስቷ ናት፤ እግዜር ይስጣት። ጄሪካኑን ከመሬት አንድ ጊዜ ብድግ ማድረግ ጥንካሬ ነው። እሱን ይዞ አራት ፎቅ መውጣት የጡንቻ ብርታት ነው። በደንብ ቁጢጥ ብሎ ማንሳት ደግሞ መተጣጠፍ ይፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ዳሌውና የጭኑ ጀርባ ገመድ ሆኖ ይደርቃል። ሦስቱም የለኝም ነበር። ሕመሙ ከለቀቀኝ በኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ተነስቼ እንደምቀመጥ ቆጠረች። ዘጠኝ። ከ60 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሴቶች እንኳ ከ12 በታች ከሆኑ ደካማ እንደሚባሉ ስትነግረኝ አለቀስኩ። ዛሬ ማታ አንቺም ሞክሪው።

4. የብዙ ወር አንድ ላይ አትክፈይ። እኔ ቅናሽ አለው ብለውኝ ልክ ሩጫው ሰሞን ሌላ ስድስት ወር 12,000 ብር ከፍዬ ነበር። የሐኪም ወረቀት ይዤ፣ ግድግዳ እየተደገፍኩ ሄጄ «ገንዘቡን መልሱልኝ አልልም፤ እስክድን ብቻ ያዙልኝ» አልኳቸው። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ ስልኳን እየነካካች «ደረሰኙ ላይ ተጽፏል፣ አይመለስም» አለችኝ። አሠልጣኙም እዚያው ቆሞ ነበር። እግዜር ይማርሽ እንኳ አላለኝም። ከገንዘቡ ይልቅ የቆጨኝ እሱ ነው።

አሁን ምን እንደምሠራ ልንገርሽ። ሩጫውን አልተውኩም፣ አንቺም አትተዪው፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ እየሄድሽ ማውራት ችለሽ መዝፈን በሚያቅትሽ ፍጥነት ይበቃል። ለጥንካሬው ሁለት ቀን ለይቻለሁ። ጂም አልሄድም። የ5 ሊትር የዘይት ጄሪካን ውኃ ሞልቼ ነው የጀመርኩት፤ እግሬን ከፈት አድርጌ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፣ ጄሪካኑን ወደ ሰውነቴ አስጠግቼ አሥር ጊዜ አነሳና አስቀምጣለሁ፤ አርፌ ሦስት ዙር። ሲቀለኝ ነው ክብደት የምጨምረው። ፑሽአፕ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ አሁን መሬት ላይ ስድስት ደርሻለሁ። ሰውነት የማሳሳቡን ሥራ የምሠራው መጨረሻ ላይ ሰውነቴ ሲሞቅ ነው፤ 30 ሰከንድ ይዤ እቆያለሁ፣ እየነጠርኩ አልጎትትም። በጾም ደግሞ ምስርና ሽምብራ ከማዕዴ አይጠፋም።

በነጋታው ጡንቻሽ ቢያምሽ አትደንግጪ፤ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። ከወገብሽ ተነስቶ ወደ እግርሽ የሚወርድ ሕመም ወይም መደንዘዝ ካለ ግን ምንም ሳትሠሪ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ባለ 20 ሊትሩን ለሰው ሰጠሁት። ሁለት ባለ 10 ሊትር ገዝቼ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ይዤ ነው የምወጣው፤ ባለፈው ሐሙስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አርፌ ደርሻለሁ። አንቺም ፎቅ ላይ ከሆንሽ ስንተኛ እንደሆነ ጻፊልኝና በየሳምንቱ ስንት ሊትር እየጨመርኩ እንደወጣሁ ከደብተሬ ገልብጬ እልክልሻለሁ።