እናቴ በጾም እየከሳች ነው፤ ብዪ ብላት ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ከዘጌ መጥታ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አብራኝ ትኖራለች። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም። ከዚያም ሁለት ጉርሻ ጎርሳ «በቃኝ» ትላለች። ሁለቴ ይዞራት የነበረው መቀነት አሁን ሦስቴ ይዞራታል። ብዪ ብላት ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ አይሆንብሽም፣ እኅቴ። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ብትዪ ነው።

ጾም ሥጋ ለነፍስ እንዲገዛ ነው የተሠራው፤ ሰውነት እንዲያልቅ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ የታመመውን ለይቶ ያያል። ቅዱስ ጳውሎስም ውኃ ብቻ ይጠጣ ለነበረው ለጢሞቴዎስ «ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ብዛት ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ» ብሎታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ጢሞቴዎስ ያኔ ገና ወጣት ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። እናትሽ በፍስኩስ ደህና ይበሉ ነበር? በየቤቱ ስሄድ የማየው አለ። ጥርሳቸው አልቆ ማኘክ ያቃታቸው፣ ይህንንም መናገር የሚያፍሩ እናቶች አሉ። ጉርሻቸውን ወደ ልጅ ልጃቸው የሚገፉም አሉ። «ጾም ነው» ካሉ ማን ይከራከራቸዋል? ይህ ጾም አይደለም፤ ረኀብ ነው።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። እንዲህ ያለ ክሳት ስኳር ወይም የሳንባ ነቀርሳ ሊኖርበት ይችላል። ቀጥሎ የንስሐ አባታቸውን ጥሪ። አንቺ ብትነግሪያቸው «ምነው ልጄ፣ ልታስፈስኪኝ ነው?» ይሉሻል። ካህኑ ሲሏቸው ግን እሺ ይላሉ። ሰዓቱን የሚያሳጥሩላቸው እሳቸው ናቸው።

የጾም ምግብም ቢሆን አቅም አለው። ጠዋት ሞቅ ያለ አጥሚት፣ ቀን በሹሮ የራሰ ፍትፍት፣ ማታ ምስር ክክ፣ መሐል ላይ አቮካዶ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይሁን። የጣና ዓሣስ ለምትሉኝ፣ በሥርዓታችን ዓሣ የጾም ምግብ አይደለም። ሐኪም ዓሣ፣ ወተት ወይም እንቁላል ካዘዘላቸው ግን ለንስሐ አባታቸው ንገሪ፤ ይፈቅዱላቸዋል።

ደግሞ ለብቻቸው ሳህን አታቅርቢላቸው። አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ በእጅሽ አጉርሺያቸው። የልጅን ጉርሻ የምትመልስ እናት እኔ አላየሁም።