በስራ መሃል ወደ ስታቲስቲክስ፦ የጥያቄና መልስ ምሽት፣ ጎንደር

ዛሬ ማታ ባዮስታቲስቲክስ (በጤና መረጃ ላይ የሚሰራ ስታቲስቲክስ) የሚያስተምሩት መምህራችን ከስራቸው ጎን ለጎን ወደ ቁጥር ትምህርት መመለስ ለሚያስቡ ጥያቄ ይመልሳሉ። ጠያቂ ስሙን ትቶ ሙያውንና ሰፈሩን ይጻፍ።

ነርስ፣ አዘዞ፦ መምህር እንደምን አመሹ። በዲግሪ ነርስ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ሰርቻለሁ። ባዮስታቲስቲክስ በማስተርስ ልማር አስቤ ሒሳቡ ያስፈራኛል። ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ስልጠና ልግባ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ሲስተር። ከሶፍትዌር አትጀምሪ። ከስራ የተመለሰውን ሰው የሚጥለው ማክሲመም ላይክሊሁድ የሚሉት ነገር ነው፣ ማለትም ላየነው ውጤት ትልቁን ዕድል የሚሰጠውን ቁጥር መፈለግ፤ «አቋረጠ ወይስ አላቋረጠም» ዓይነት ውጤት የሚተነትነው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። እስኪ እዚሁ እንስራው። ከ20 ታካሚዎች 6ቱ መድኃኒት አቋረጡ። አንድ ሰው የማቋረጥ ዕድሉን ፒ እንበለው። ይህ ውጤት የሚገኝበት ዕድል ፒ ስድስት ጊዜ፣ (1−ፒ) ደግሞ 14 ጊዜ ሲባዛ ነው። ናቹራል ሎግ ውሰጂለት፦ 6ሎግ(ፒ) + 14ሎግ(1−ፒ)። ዴሪቬቲቩ (የለውጥ ፍጥነቱ) 6/ፒ − 14/(1−ፒ) ይሆናል። ዕድሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ነውና ከዜሮ ጋር እኩል አድርጊው፦ 6 − 6ፒ = 14ፒ። ፒ = 0.3።

«6ን ለ20 ማካፈል ማን ያቅተዋል» ትይኝ ይሆናል። ዕድሜና የመኖሪያ ርቀት ሲጨመርበት ግን ማካፈሉ አይሰራም፤ ኮምፒውተሩ ዴሪቬቲቩ ዜሮ የሚሆንበትን ቦታ እየደጋገመ ይፈልጋል። «ኮንቨርጅ አላደረገም» (መልሱ ላይ አልደረስኩም) ብሎ ሲቆምብሽ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከአንዱ ምድብ ውስጥ አንድም ያቋረጠ ሰው አለመኖሩ ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል።

ቅደም ተከተሉ ይኸው፦ አልጀብራ ከሎግና ኤክስፖኔንት ጋር 6 ሳምንት፤ ካልኩለስ 10 ሳምንት (ቼይን ሩል እጅሽ እስኪለምደው፣ ቀላል ኢንቴግሬሽን)፤ ፕሮባቢሊቲ 8 ሳምንት፤ ማትሪክስ ማባዛትና ኢንቨርስ 4 ሳምንት። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል። ለካልኩለሱ የቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት የ12ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ይበቃል፤ ምሳሌውን ሸፍነሽ ራስሽ ስሪው። የማታ ተረኛ በሆንሽበት ሳምንት አዲስ ምዕራፍ አትጀምሪ፣ የሰራሽውን ድገሚ። ስራ ደግሞ አትልቀቂ።

የባንክ ሰራተኛ፣ ፒያሳ፦ ዳታ ሳይንስ ያዋጣል?

መልስ፦ ለማን? ከምን ጋር ሲነጻጸር? አስተካክለህ ጠይቅ።

የባንክ ሰራተኛ፣ ፒያሳ፦ ደመወዙን ማለቴ ነው።

መልስ፦ ደመወዝ እኔ ዘንድ የለም።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ማራኪ፦ 47 ዓመቴ ነው፣ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስታቲስቲክስ ይቀበሉኛል?

መልስ፦ እርስዎን ዕድሜ አያግድዎትም፣ የመጀመሪያ ዲግሪዎ ግን ሊያግድ ይችላል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባዮስታቲስቲክስ ሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነው ያለው፤ ስታቲስቲክስ ከተፈጥሮና ቀመር ሳይንስ ኮሌጅ ስር ነው። ስማቸው ስለተቀራረበ አንድ አይደሉም። የየክፍሉን የመግቢያ መስፈርትና የኮርስ ዝርዝር ሬጅስትራር ሄደው ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። ለድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው የቁጥር ክፍሉን ሰዓት ይዘው ይለማመዱ።

ላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት፣ ቀበሌ 18፦ ኤስፒኤስኤስን ማጣጣል ፋሽን ሆኗል። እዚህ አገር ያለው አማካሪ ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው። በማያውቀው ሶፍትዌር ሰርተህ ብትወስድለት ማን ያርምሃል?

የጤና መረጃ ባለሙያ፣ ዳባት፦ አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነጻ ነው። የተሰረቀ ፈቃድ ያለው ስታታ (ሌላ የሚሸጥ ሶፍትዌር) በመመረቂያ ሰሞን ሲዘጋ ያላየ የለም።

ላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት፦ ነጻ ነው ትላለህ፣ ፓኬጅ ለማውረድ የሚበላው ኢንተርኔትስ?

የጤና መረጃ ባለሙያ፦ አንዴ አውርደህ በፍላሽ ተቀባበለው! መብራት ሲጠፋም የጻፍከው ኮድ ፋይል ላይ አለ። አንተ መቶ ጊዜ የተጫንከውን ሜኑ ከየት ታመጣዋለህ?

ላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት፦ ኤስፒኤስኤስም ሲንታክስ (የጽሑፍ ትዕዛዝ) አለው ወንድሜ። «ፔስት» የሚለውን ተጫን።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተዉት። የናሙና ክብደት (እያንዳንዱ መላሽ ስንት ሰው እንደሚወክል የሚናገር ቁጥር) የማያስገባ ሰው በሁለቱም ይሳሳታል። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ21 እርከን ተከፍሎ 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመረጡ፣ ከእያንዳንዱ 28 ቤተሰብ። ሐረሪና ጋምቤላ ከሕዝባቸው ድርሻ በላይ ተወክለዋል፤ አለዚያ ለብቻቸው የሚነገር ቁጥር ባልተገኘ። ስለዚህ ቪ005 የሚለውን የክብደት አምድ ለ1,000,000 አካፍሎ ሳይጠቀም የአገር አማካይ ያወጣ ሰው የሠራው የሌላ አገር አማካይ ነው። ክላስተሩንም (የቆጠራ ቦታውን) ለሶፍትዌሩ መናገር ግድ ነው፤ ያለዚያ ስታንዳርድ ኤረሩ (የግምቱ የስህተት መጠን) ከሚገባው በታች ያንሳል።

ፋርማሲስት፣ አራዳ፦ ነርስ ባልሆንም ከጤና ነኝ። ባዮስታቲስቲክስ መማር እችላለሁ? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ለአዘዞዋ ሲስተር የተጻፈውን አንብብ።

የካርድ ክፍል ሰራተኛ፣ አዘዞ፦ መምህር፣ የታካሚ ካርድ ላይ ያለውን ቀን ኤክሴል ሳስገባ አንዳንዱ ወደ ግራ አንዳንዱ ወደ ቀኝ ይሆናል። ይህ የሒሳብ ጥያቄ ይባላል?

መልስ፦ ከዛሬው ሁሉ እውነተኛው የሒሳብ ጥያቄ ይህ ነው! ኤክሴል ዘመኑን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ጥቅምት 30ን 30/2/2010 ብለህ ስትጽፍ በእሱ ቤት ፌብሩዋሪ 30 የለም፤ ስለዚህ ጽሑፍ አድርጎ ወደ ግራ ያስጠጋዋል። ወደ ቀኝ የሄደው ግን ይብሳል፣ ስህተቱ አይታይምና። ማሽኑ ወርን የሚያስቀድም ከሆነ ኅዳር 5ን (5/3) ሜይ 3 ያደርገዋል። ቀንን የሚያስቀድም ከሆነም፣ ከጥር 30 (30/5) እስከ የካቲት 1 (1/6) አንድ ቀን ነው፤ እሱ ግን ሜይ 31ን ጨምሮ ሁለት ይልሃል። ጳጉሜንን 13 ብለህ ስትጽፍማ አትጠይቀኝ። ክትትልን በቀን የሚቆጥር ጥናት በዚህ ይበላሻል።

መፍትሔው፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመትን በሦስት የተለያየ አምድ አስገባ። ከዚያ 365×ዓመት + ኢንት(ዓመት/4) + 30×ወር + ቀን። ኢንት ማለት ክፍልፋዩን ጥሎ ሙሉ ቁጥሩን መያዝ ነው። የሁለት ቀኖች ልዩነት የሁለቱ ድምር ልዩነት ነው። የእኛ ወር ሁሌም 30 ስለሆነ ቀመሩ ከፈረንጁ ይቀላል። በዚያው አገር አቀፍ ጥናት ላይም የወር ኮዱ (ወራትን በተከታታይ የሚቆጥረው ቁጥር) በእኛ አቆጣጠር ነው የተያዘው፤ ወደ ፈረንጅ ለማምጣት 92 ይደመራል፣ ማለትም 7 ዓመት ከ8 ወር።

የባንክ ሰራተኛ፣ ፒያሳ፦ እሺ፣ ያለ ደመወዙ ልጠይቅ። የኦንላይን ሰርተፊኬት ዲግሪን ይተካል?

መልስ፦ ኮድ መልመጃ ይሆንሃል። ማስተርስ ለመግባት አይቆጠርልህም። ስራ አትልቀቅ፣ የኮርስ ዝርዝር ሳታይ አትመዝገብ። ስንት ጊዜ ልበለው?

የካርድ ክፍል ሰራተኛ፣ አዘዞ፦ ሞከርኩት። ጥር 30 እና የካቲት 1 ትክክል 1 መጣ። ጳጉሜን 5 2015 እስከ መስከረም 1 2016 ግን 1.25 አለኝ።

መልስ፦ ኢንቱን ረስተሃል። 2015 ላይ ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች፤ 2 መምጣት አለበት።

የካርድ ክፍል ሰራተኛ፣ አዘዞ፦ 2 መጣ።