ቤታችንን ያለ ደላላ መሸጥ እንችላለን?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የምንኖርበትን ቤት ልንሸጥ ወስነናል። ደላሎች የጠየቁንን ኮሚሽን ስናሰላው ግን ደነገጥን። ባለቤቴ «ቤቱን ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም፣ ራሳችን እንሸጠዋለን» ይላል። እኔ ደግሞ እንዳንታለል እፈራለሁ። ያልተከፈለ የባንክ ብድር አለብን፤ የአንዱ ክፍል ጣሪያም ዝናብ ሲመጣ ያፈሳል። ከየት እንጀምር?
ሁለት ልብ የሆንኩ አንባቢያችሁ

መልስ፦ ትችላላችሁ። ግን ደላላ የሚከፈለው ገዢ ስላመጣ ብቻ አይደለም። ዋጋ ይገምታል፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ያነሳል፣ የምሩን ሊገዛ የመጣውን ቤት ለማየት ብቻ ከሚዞረው ይለያል፣ ድርድሩ ሲከር መሃል ይገባል። ኮሚሽኑን ስታስቀሩ ይሄ ሁሉ ሥራ ወደ እናንተ ይዞራል።

መጀመሪያ ባንካችሁ ሂዱ፤ ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት። ቀሪው ዕዳ ስንት እንደሆነ፣ ብድሩ ከጊዜው በፊት ሲዘጋ ቅጣት ይኖረው እንደሆነ፣ ቤቱ በምን አሠራር ከመያዣነት እንደሚለቀቅ በጽሑፍ ተቀበሉ። ዕዳውን ለገዢው ከመጀመሪያው ንገሩት። ሰነድ ሲጣራ መውጣቱ አይቀርም፣ ያኔ ሲሰማው ደግሞ ሌላም የደበቃችሁት ነገር ያለ ይመስለዋል።

ዋጋ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በቤቱ የኖረ ሰው ትዝታውንም አብሮ ይተምናል፤ ኩሽናውን ያሳደሰበትን ገንዘብም ሙሉ በሙሉ ሊመልስ ይፈልጋል። ገዢ ግን ለትዝታችሁ አይከፍልም። ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ዋጋ ደግሞ ሻጩ የተመኘው ነው እንጂ የተሸጠበት አይደለም። በአካባቢያችሁ በቅርብ ወራት የተሸጡ፣ በስፋትም በዕድሜም ከእናንተው ጋር የሚቀራረቡ 3 ወይም 4 ቤቶች በስንት እንደሄዱ አጣሩ። ካልሆነላችሁ ገለልተኛ የንብረት ገማች አምጡ፤ አንዴ ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ። «ከፍ አድርገን እንጀምርና እንቀንሳለን» የሚለውን አልመክርም። ማስታወቂያ ትኩረት የሚያገኘው እንደወጣ ሰሞን ነው፤ ወራት ከቆየ ሰው «ምን ቢኖርበት ነው ያልተሸጠው?» ማለት ይጀምራል።

ጣሪያውን አደራ አትደብቁት። ውሃ የነካው ኮርኒስ ላይ ጠርዙ የጠቆረ ቢጫ ክብ ይወጣል፤ ቀለም ብትቀቡበትም በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይመጣል። ከነጭራሹ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ክፍል ያየ ገዢ ወዲያው ይጠረጥራል። በብዙ አገር ሕግ ደግሞ ሻጭ እያወቀ የሸሸገው ጉድለት ከሽያጩ በኋላም ያስጠይቀዋል። ወይ አሠሩት፣ ወይ ባለሙያ የጥገናውን ወጪ በጽሑፍ እንዲገምት አድርጋችሁ ከዋጋው ላይ ተነጋገሩበት። እኔ ብሆን አሠራዋለሁ፤ ገዢ ለማያውቀው ብልሽት የሚቀንሰው ገንዘብ ከጥገናው ወጪ ሊበልጥ ይችላል።

ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ዕቃው ተነስቶ፣ መጋረጃው ተከፍቶ ይነሳ። ቤት ለማየት የሚመጣን ሰው ስምና ስልክ ቀድማችሁ ያዙ፣ ብቻችሁን አታስተናግዱ፣ ሰነድና ወርቅ ቆልፉ። ከገባ በኋላ ግን እግር በእግር አትከተሉት፤ ሰው ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ በነፃነት አያይም። የሚከፍለው በእጁ ካለው ነው ወይስ በብድር? በብድር ከሆነ ባንኩ ምን ያህል እንደፈቀደለት የሚያሳይ ደብዳቤ ጠይቁት። በዚህ አትፈሩ፣ ቁም ነገረኛ ገዢ አይቀየምም።

አንባቢያችን፣ መታለልን መፍራትሽ ልክ ነው። ገንዘብ ገባ የሚባለው የራሳችሁ ባንክ ሲያረጋግጥ ነው፤ ስልክ ላይ የሚታይ የማስተላለፊያ ፎቶ ገንዘብ አይደለም። ከተስማማችሁበት በላይ ልኮ «በስህተት ነው፣ ትርፉን መልሱልኝ» የሚል ሰው ከመጣ ራቁት፣ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። የባለቤትነት ሰነዱን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አትለጥፉ፣ ዋናውን ለማንም አታውሱ፣ «ጉዳዩን እኔ ልጨርስላችሁ» ለሚል ሰው ውክልና አትስጡ። ቁልፍም ክፍያው ሳያልቅ አይሰጥም፤ «ዕቃዬን ብቻ ላስገባ» ቢላችሁም።

ከምታስቀሩት ኮሚሽን ላይ ግን ለጠበቃ ክፈሉ። እዚህ ጋ አትሰስቱ። ጠበቃው የእናንተ ይሁን፤ ገዢው ያመጣው የሚሠራው ለገዢው ነው። ውሉ ላይ የክፍያው ጊዜ፣ ቀብዱ መቼ እንደሚመለስና መቼ እንደሚቀር፣ የገዢው ብድር ባይፈቀድስ ምን እንደሚሆን፣ ግብርና የስም ማዛወሪያ ወጪ በማን እንደሆነ፣ ቤቱን የምትለቁበት ቀን ይጻፍ። አምፖሉ፣ ቁም ሳጥኑ፣ የውሃ ማሞቂያው ይቀራል ወይስ ይነሳል የሚለውም ይግባ። ትልቅ ሽያጭ በዚህች ትንሽ ነገር ሲናጋ ታያላችሁ።

ደላላ የሚያስፈልገው ከቤቱ ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ ወይም ፊት ለፊት መደራደር ጨርሶ የማይሆንላችሁ ከሆነ ነው። ማስታወቂያችሁን አይተው «ገዢ አለኝ» የሚሉ ደላሎችም መደወላቸው አይቀርም። ትከፍሉ እንደሆነ፣ ስንት፣ መቼ የሚለውን ገዢውን ይዘው ከመምጣታቸው በፊት በጽሑፍ ጨርሱ።